መጋረጃ የሌለው ለቅሶ

አቶ ኤልሳዕ «ተሳትፎ» ሲሉ ከንፈራቸው ይሾላል። የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ናቸው። የክበቦች ሁሉ አባት ይባላሉ፤ ያውም ለልጆቹ ቤት የነሣ አባት። ዘንድሮ ክፍል ከገባሁበት ይልቅ እሳቸው ቢሮ የገባሁበት ሳይበልጥ አይቀርም። የምጠይቀው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ አዳራሽ፣ መጋረጃና ሁለት መብራት። የሚመልሱልኝም ያንኑ ነው።

«ሳሊሃ፣ ክበባችሁ እኮ ተሳትፎ የለውም። ተሳትፎ ለሌለው ክበብ አዳራሽ ብሰጥ ነገ ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«አዳራሽ ከሌለን ተማሪው የት መጥቶ ይሳተፍ?»

«እሱን እንግዲህ እናንተ ወጣቶቹ ተወያዩበት።»

«የት ሆነን እንወያይ?»

ይሄን ስል መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ጨርሰናል፣ ውጪ ማለታቸው ነው።

የመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ግን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አንድ ነገር ጨመሩ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ለሕዝብ ምንም ያላሳየ ክበብ ከሌላ ክበብ ጋር እንዲዋሃድ ተወስኗል። የእኛ ከጽዳትና ውበት ክበብ ጋር ነው የታሰበው።

«ምን አገናኘን?» አልኳቸው።

«ሁለታችሁም ግቢውን ታስውባላችሁ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። ወላይታ ሶዶ ምደባ ጥሎኝ ነው የመጣሁት፤ ቴአትር ውስጥ ግን የጣለኝ የለም፣ ራሴ ነኝ የገባሁት። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ካፌ በረንዳ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ሰው አጨበጨበልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ያለ ኀፍረት ልናገረው፤ የምፈልገው ጭብጨባ ነው። እኔ የጻፍኩት ቴአትር እውነተኛ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ መጋረጃው ሲዘጋ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ መስማት እፈልጋለሁ። ከዚያ ዲግሪዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ።

ቴአትሩ ተጽፎ አልቋል። «የጋሽ አንጁሎ ጓሮ» ይባላል። ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ ሞተው ከተቀበሩ በኋላ፣ ልጆቻቸው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ዓይናቸው እያለቀሱ በሌላው የእንሰት ጓሯቸውን ሲካፈሉ ያሳያል። ግሩም ቴአትር ነው። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አይደለም፤ እሱም አለበት።

አዳራሽ ጭራሽ የለም እንዳይመስላችሁ። አለ፣ ሰፊ ነው፣ መድረክም አለው። ግን ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ግምገማ ይካሄድበታል፣ እንግዳ ይሸኝበታል። ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ አዳራሽ አያያዝ ሥልጠና ተሰጥቶበታል። እኛ ስንጠይቅ «ተይዟል» ይሉናል፤ ሳይያዝ ሲቀር ደግሞ ቁልፉ ጠፍቷል።

ስለዚህ ያልተለማመድንበት ቦታ የለም። ከመመገቢያው ጀርባ ጀመርን፤ ወጥ ቤቶቹ ጩኸታችን ሽንኩርት ሲከትፉ እጃቸውን እያስቆረጣቸው መሆኑን ነግረው አባረሩን። የድሮው ጄኔሬተር ቤት ገባን፤ ጣሪያ የለውም። የሶዶን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልክ አሳዛኙ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ይወርዳል፣ ተዋናዮቼም እየሳቁ ይበተናሉ። አባላት ወረቀት ላይ ብዙ ነን። በአካል ግን ትንሽ ጠጋ ጠጋ ካልን አንድ ባጃጅ ይበቃናል።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ። አንዱ ያሬድ ነው፤ የሶዶ ልጅ፣ የሕግ ተማሪ፣ የጋሽ አንጁሎ የበኩር ልጅ ሆኖ ይጫወታል። የጻፍኩለትን ቃል እንደ ምክር ነው የሚያየው፤ ካልመሰለው ይተወዋል። ሌላዋ ሰብለ ናት፤ የጉኑኖ ልጅ፣ ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ። ስትናገር ድምጿ አይሰማም። ለፈተና «እስቲ አባትሽ እንደሞተ ሆነሽ አልቅሺ» ስላት ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በወላይትኛ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ያሬድ የያዘውን ሳምቡሳ መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልፈተንኩም።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እንዲያ ማልቀስ ከየት እንደተማረች ጠየቅኳት። ሰብለ የምሳውን ወጥ እንደምትተች ሁሉ ቀለል አድርጋ ነገረችኝ። አባቷ ሻንካ፣ እሷ ሕፃን ሳለች፣ ብዙ የአካባቢው ሰው እንደሚያደርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። ከመንገድ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ አየሁት የሚል የለም፤ ሞተ የሚልም የለም።

«መርዶ አልመጣማ» አለች። «መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም። እናቴ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም።»

እኔም ዳይሬክተር ነኝና «ጥሩ፣ ስሜቱ አላት» ብዬ አለፍኩ።

ድንኳኑን ያመጣው ያሬድ ነው። አክስቱ እትዬ ጥሩወርቅ የሰፈራቸው እድር ንብረት ያዥ ናቸው። ድንኳኑ ዝናብ አግኝቶት ስለነበር ተዘርግቶ ንፋስ ቢመታው አይከፋም ብለው ለአንድ ቅዳሜ ፈቀዱልን፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ጨመሩልን። «እድርተኛ ከሞተ ግን እዚያው መጥቼ ከላያችሁ ላይ ነው የምነቅለው» አሉ። ከግቢው የኋላ በር አጠገብ ሣሩ ላይ ተከልነው። ከሽቦ አጥሩ ማዶ ገበያተኛው የሚያልፍበት፣ የጉኑኖ ሚኒባሶችም የሚመላለሱበት መንገድ ነው። በሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው። እኔ በሕይወቴ ከላዬ ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ ስለማመድ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደስታዬን አልቻልኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ትዕይንት ጀመርን። ሰብለ ነጠላዋን አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ ድምጿን ለቀቀችው።

ያሬድ ቃሉን ሳይጀምር ሁለት ሴቶች በኋላ በር ገቡ። ከገበያ የሚመለሱ ናቸው፤ የተሸከሙትን ቦይና፣ የወላይታን ጎደሬ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ አወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እያለቀሱ ዘለቁና ሰብለን አቀፏት። እኔ «ይቅርታ፣ ልምምድ ላይ ነን» ለማለት እጄን ሳነሣ ያሬድ ክንዴን ያዘኝ።

«አበድሽ? የምታለቅስ ሴትዮ ፊት ቆመሽ ጨዋታ ነው ልትዪያት? ልታዋርጃት ነው? አልቅሳ ትጨርስ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

«ማን እንደሞተ እንኳን አልጠየቁም እኮ!»

«በእኛ ሰፈር ለቅሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማን ሞተ አይባልም። መጀመሪያ ይለቀሳል። ከዚያ ይቀመጣል። ከተቀመጡ በኋላ ጎን ያለውን ሰው ቀስ ብሎ መጠየቅ ነው።»

«ጎን ያለውስ ካላወቀ?»

«እሱም ጎኑ ያለውን ይጠይቃል።»

ሥርዓቱ ለማልቀስ እንጂ ለማቆም የተሠራ አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች አልቅሰው ሳይጨርሱ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ሽማግሌዎቹ አልቅሰው ሳይቀመጡ በሚኒባስ የሚያልፉ ሰዎች ወረዱ። ሁሉም ማልቀስ የሚጨርሱበትን ቅጽበት ብንጠብቅም ሁልጊዜ ገና የሚጀምር አለ። የተቀመጠው የተቀመጠውን ይጠይቃል፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ማንም አያውቅም። ሰብለን «በቃ፣ ትዕይንቱ አልቋል» ብያታለሁ። አልሰማችኝም፤ የገባው ሁሉ ሲያቅፋት ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ታለቅሳለች። ምን ዓይነት ተዋናይ አገኘሁ እያልኩ በኩራት አብጫለሁ።

አንዲት ሴትዮ ብቻ ደስ አላሰኘችኝም። ሰብለ ፊት ለፊት ቆማ ብዙ ካየቻት በኋላ፣ ሳትቀመጥና ሳትጠይቅ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ወደ መንገዱ ሮጠች። አቋርጣ የወጣች የመጀመሪያ ተመልካቼ ስለነበረች ከልቤ ተቀየምኳት።

ረፋዱ ላይ ዶርሙ ተሰማ። በፖስተር ለምነነው፣ በብስኩት ደልለነው አንድ ቀን ያልመጣ ተማሪ ብድግ ብሎ መጣ። መመገቢያው በጀሪካን ሻይ፣ በሳፋ ዳቦ ላከ፤ ያባረሩን ወጥ ቤቶች ሽርጣቸውን ሳያወልቁ መጥተው ከፊት ተቀመጡና አለቀሱ። ሽንኩርት አይደለም፣ እኔ አይቻለሁ። ተሳትፎ ማለት ይሄ ከሆነ ከድንኳኑ ተርፎ ሣሩ ላይ ፈስሷል።

ቀጥሎ አቶ ኤልሳዕ ከነቢሯቸው ደረሱ።

ግቢ ውስጥ ለቅሶ አለ ተብሎ አንድ ኃላፊ ቤቱ ሊቀመጥ አይችልም። በሩ ላይ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ መሀረብ አውጥተው በወጉ አለቀሱ። ከዚያ ዞር ብለው የቆመውን ሰው ሲያዩ ተቆጡ።

«ለቅሶ ላይ ሰው እንዴት ይቆማል? አዳራሹ ይከፈት! ወንበር አውጡ!»

ቁልፉ ወዲያው ተገኘ። የአዳራሹ ወንበሮች በጉልበት ሠራተኞች ጀርባ እየተጫኑ መጡ። ሰው አይሰማም ተባለ፤ የድምፅ ማጉያው ከነመናገሪያው መጣ። ድንኳኑ ጨለመ ተባለ፤ የመድረኩ ሁለት መብራቶች ተነቅለው መጡ። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ቆመን የለመንነው ሁሉ አንድም ሰው ሳይሞት ለሟች ተሰጠ። የቀረን መጋረጃው ብቻ ነው፤ እሱ አዳራሹም ውስጥ የለም።

አቶ ኤልሳዕ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሟች… ስማቸው ማን ነበር?»

እዚህ ላይ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ሰይጣን ቦታው አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ።

«ጋሽ አንጁሎ» አልኳቸው።

«አዬ! ጋሽ አንጁሎ! ምን ላይ ነበር የሚሠሩት?»

«ቴአትር ይወዱ ነበር። የተማሪዎቹ ቴአትር አዳራሽ ገብቶ ሳላይ እንዳልሞት እንዳሉ ነው የሞቱት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተነሡ፣ መናገሪያውን ጨበጡ።

«ጋሽ አንጁሎን» አሉ፣ «ይህ ተቋም ከተመሠረተ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ምክራቸው ዛሬም በጆሮዬ አለ።» ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» አሉ። «ወጣቱን የሚወዱ፣ ለኪነ ጥበብ የቆሙ አባት ነበሩ። አንድ ምኞት ነበራቸው፤ የቴአትር ክበባችን አዳራሽ ገብቶ ማየት። የእኚህ አባት ምኞት መሬት አይወድቅም! በዚህ ድንኳን፣ በሁላችሁም ፊት ቃል እገባለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ አዳራሹ የቴአትር ክበቡ ነው!»

ላጨበጭብ እጆቼን ሳነሣ ያሬድ እግሬን ረገጠኝ።

አንድ ሚኒባስ ከአጥሩ ማዶ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ከመንገዱ የተነሣው ጩኸት ጠዋት ሰብለ ካወጣችው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ የሸመገለ መሆኑ ብቻ ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ወገቧን በመቀነት አስራ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ በኋላ በር ገባች። ከደጋፊዎቿ አንዷ ጠዋት አቋርጣ የወጣችው ተመልካቼ ናት። ወላይትኛ ባልችልም አንድ ቃል ለይቼ ሰማሁ። «ሻንካ» ትላለች። «ሻንካ፣ ሻንካ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ያቺ ሴትዮ የጉኑኖ ጎረቤታቸው ናት። ሰብለ ወገቧን አስራ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አባቷን እየጠራች ስታለቅስ አይታለች። መርዶ በስልክ አይነገርምና ራሷ ጉኑኖ ሄዳ እናትየውን፣ እትዬ ፋንታዬን፣ ይዛ መጥታለች።

ሰብለ ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጠች። እናቷን አየች። ወንበር እየገለበጠች ሮጠች።

«እማዬ! አባዬ አይደለም! እማዬ፣ ቴአትር ነው! ቴአትር ነው!»

አቶ ኤልሳዕ መናገሪያውን እንደያዙ አጠገቧ ነበሩ። «ቴአትር ነው» የሚለው በድምፅ ማጉያው ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ።

ድንኳኑ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከተመልካች አግኝቼ አላውቅም፤ ባላገኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ አንጁሎ አልሞተም?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልተወለዱም» አለ ያሬድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩለት ቢሆን ደስ የሚለኝን ቃል ተናገረ።

አቶ ኤልሳዕ ወደ እኔ ዞሩ። ከተቋሙ ምሥረታ ጀምሮ የሚያውቋቸውን ሰው ሲነጠቁ ፊታቸው ምን እንደሚመስል መግለጽ ይከብደኛል። መነጽራቸውን ለመጥረግ እንኳን አልቻሉም።

«ወንበሮቹ ይመለሱ» አሉ። «መብራቱም፣ መናገሪያውም። አዳራሹ ይቆለፍ። አንቺ ደግሞ፣ ጽዳትና ውበትም ይበዛብሻል!»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያዘንኩት ለአዳራሹ ነው። አራት ዓመት የለመንኩት ነገር በእጄ ገብቶ ለአፍታ ሳይሞቅ ወጣ። ከዚያ እትዬ ፋንታዬን አየኋት። ሣሩ ላይ ተቀምጣ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛለች።

«ማን ነገረህ?» ትላታለች፤ ልጇ በአማርኛ ስለጮኸች እሷም በአማርኛ ነው፤ አማርኛዋ ደግሞ ሴቱን ከወንዱ አይለይም። «ሻንካ መሞቱን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እማዬ።»

«አልሞተም እንዴ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች እትዬ ፋንታዬ።

ጉልበት ሠራተኞቹ ወንበር ማንሣት ጀመሩ። ሰዉ እያፈረ፣ አንዳንዱም እያጉረመረመ ቦይናውን ይፈልጋል። በዚህ መሀል እትዬ ጥሩወርቅ እንደ መብረቅ ደረሱ። የእድሩ ድንኳን ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀምጦበታል ሲባል ሰምተው የመጡ ናቸው። ያሬድ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ገባ። እሳቸውም ሳይናገሩ አንዱን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

«እኔ አልነሣም» አለች እትዬ ፋንታዬ።

ሁሉም ዞር አለ።

«እማዬ፣ ተነሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ይሄ ሁሉ ዓመት ማን አየኝ?» ሰብለን ትታ ወደ ሰዉ ዞረች። «መርዶ አልመጣም፣ አታልቅስ ይሉኛል። ሟርት ነው ይሉኛል። ለሰው ሁሉ ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ለኔ የሚመጣ የለም። እንሰት ውስጥ ገብቼ ነው የማለቅሰው፤ እሱም ነጠላ አፌ ውስጥ ወትፌ። ዛሬ ድንኳን አገኘሁ። ሰው አገኘሁ። ቴአትር ነው ካላችሁ ቴአትር ይሁን። እኔ ግን ላልቅስ።»

ከዚያ አለቀሰች። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። የፈቱትን ገመድ መልሰው አሰሩና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእትዬ ፋንታዬ አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አቶ ኤልሳዕ» አሉ ቀና ብለው፣ «ድንኳኑ የእድር ነው። አልቃሽ ያለበት ድንኳን አይነቀልም። ወንበሩ የእናንተ ነው፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱ። ሰዉ መሬት ይቀመጣል።»

አቶ ኤልሳዕ ራሳቸው አንድ ወንበር በእጃቸው ይዘው ነበር። ወንበሩን አዩት፣ ሴትየዋን አዩ። ቢሮ ውስጥ የማውቃቸውን ሰውዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ወንበሩን አስቀመጡት። መሀረባቸውን አውጥተው አለቀሱ፤ ጠዋት ካለቀሱት ይልቅ ይህኛው ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ ወደ እትዬ ፋንታዬ ዝቅ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ስማቸው ማን ነበር?»

«ሻንካ» አለች። «ሻንካ ነበር ስሙ።» ቀጠለችበትም፤ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ምን እንደሚወድ፣ ሲሄድ የለበሰውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር ነገረቻቸው። አቶ ኤልሳዕ ሰሙ። መናገሪያው አጠገባቸው ነበር፤ አላነሡትም።

ቦይናውን ያነሣው ሰው መልሶ አወረደው። ድንኳኑም ቅዳሜን ዋለ፣ እሑድም ዋለ፤ የሶዶ ሰው ስሙን ጠይቆ ለማያውቀው ለሻንካ እየተመላለሰ አለቀሰ። የጉኑኖ ሰውም መጣ። እኔ ሻይ ቀዳሁ።

ሰኞ ድንኳኑ ሲነሣ አቶ ኤልሳዕ ጠሩኝና ቁልፍ በእጄ ላይ ጣሉልኝ። ፊታቸው አሁንም ተቆጥቷል።

«ድንኳን ውስጥ ቃል ተገብቷል፤ አይታጠፍም። ግን ሌላ ጊዜ እኔን እንዲህ ብታደርጊ…» አሉና ቀሪውን ስላላገኙት መነጽራቸውን ጠረጉ።

ቴአትሩን እናሳይ አናሳይ ብዬ ሰብለን ልጠይቃት ፈርቼ ነበር። ጥያቄዬን የመለሰችው እናቷ ናት። «የጀመረውን ይጨርስ። እኔ አይደለሁ ያቋረጥኩት?» አለች ልጇን እያሳየች። የምትቀመጥበትን ቦታ ግን መረጠች፤ ከፊት፣ መሀል ላይ።

ማክሰኞ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ተማሪው፣ ወጥ ቤቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከገበያ የመጡት ሴቶች፣ ሁሉም አሉ። ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ድንኳን ውስጥ ዝናብ ነክቶት አልበራም። መጋረጃ የለም። ያሬድ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ከልቤ ደነገጥኩ። ሰዉ ልጆቹ እንሰቱን ሲካፈሉ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ሰብለ አለቀሰች። ልጆቹ ተጣልተው ወጡ፣ እሷ ብቻዋን መድረኩ ላይ ቀረች፣ ቴአትሩ አለቀ።

ከመድረኩ ጎን ቆሜ ጠበቅኩ።

ምንም የለም። አንድ ሰው አላጨበጨበም። አንድም እጅ። አራት ዓመት ያለምኩት ድምፅ የሚመጣበት ሰዓት ላይ ዝምታ ቁጭ ብሎበታል። ወደቅን ማለት ነው አልኩ በልቤ። ያሬድ ከማዶ ጎን በእጁ «ዝጊው እንጂ!» ይለኛል።

«ምኑን ልዝጋ?» አልኩት። መጋረጃ የለማ።

መጀመሪያ የተነሣችው እትዬ ፋንታዬ ናት። ጫማዋን ከደረጃው ሥር አወለቀች፣ መድረኩ ላይ ወጣች፣ ከልጇ አጠገብ ቁጭ አለች። ቀጥለው እትዬ ጥሩወርቅ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ወጥ ቤቶቹ ተነሡ፣ ተማሪው ወረፋ ያዘ። ዛሬ የተሳሳተ የለም፤ ቴአትር መሆኑን ሁሉም አውቆ ነው የመጣው፣ ስሙንም ሁሉም ያውቃል። አንድ በአንድ እየወጡ እጃቸውን ዘርግተው «ያጽናሽ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። አቶ ኤልሳዕም ወረፋው መሀል አሉ።

እንዲህ እያለቀሰች ላለች ሴት የሚያጨበጭብ ሰው እዚህ አገር የለም። ይህን ለመረዳት አራት ዓመት ፈጀብኝ፣ ምን ዓይነት ደነዝ ነኝ።

ሻሼን አስተካከልኩና ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። እትዬ ፋንታዬ ፊት ስደርስ የማውቀው የቴአትር ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

«አላህ ያጽናዎት፣ እማማ» አልኳት።

«አሜን» አለችኝ። ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። «አንተም ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ።